የዊንድሁክ ውሃ ታሪክ አለው

የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ሄዳችሁ ከቧንቧ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብትቀዱ፣ ሩብ ያህሉ ቀድሞ በሌላ ሰው ሻወር፣ ወጥ ቤት ወይም ሽንት ቤት ያለፈ ሊሆን ይችላል። ለመጠየፍ አትቸኩሉ። ፍሳሽን አጣርቶ በቀጥታ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር በመመለስ በዓለም የመጀመሪያዋ ከተማ እሷ ናት፤ ከጀመረችም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗታል።

መነሻዋ ግን ምንጭ ነበር። የቦታው የጥንት ስሞች በአካባቢው ቋንቋዎች ፍልውሃንና እንፋሎትን የሚያመለክቱ ናቸው። ዮንከር አፍሪካነር የተባለው መሪ በ1840 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡን ይዞ የሰፈረው እዚያው ምንጮቹ ዘንድ ነው። ይሄ ለአዲስ አበባ ልጅ ባዕድ ታሪክ አይደለም፤ የእኛም ከተማ የተቆረቆረችው ፍልውሃ አጠገብ ነው። በ1890 ጀርመኖች መጥተው ምሽግ ሠሩ። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ጉድጓድ መቆፈር መጣ፤ ፓምፑ ሲበረታ ምንጮቹ ደረቁ።

ሌላ አማራጭ ደግሞ በቅርብ አልነበረም። የዊንድሁክ ዝናብ በዓመት በአማካይ 370 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይ ከክፍት ውሃ ላይ የምታተነው የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። ክረምት ከበጋ የሚፈሰው ኦካቫንጎ ወንዝ ያለው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በ1958 ጎሬአንጋብ የሚባል ግድብ ተሠራ፤ እሱም አልበቃም። ስለዚህ በ1968 እዚያው ግድብ አጠገብ በቀን 4,800 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያመርት የፍሳሽ ውሃ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ።

በ2002 የተተካው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ያመርታል። ዘዴው ከምንጩ ይጀምራል፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል መስመሩ ተለያይቷል። ከዚያ ኦዞን፣ አሸዋ፣ ከሰል፣ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ፣ በመጨረሻም ክሎሪን። አንዱ ደረጃ ቢስት ሌላው ይይዘዋል። የወጣውም ውሃ ለብቻው አይሄድም፤ ከግድብና ከጉድጓድ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነው ቤት የሚደርሰው።

ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ሉካስ ቫን ቩረን፣ ውሃ መመዘን ያለበት በታሪኩ ሳይሆን በጥራቱ ነው ይል ነበር። ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ለብርጭቆው ውሃ ይሄን እቀበላለሁ። ለከተማው ውሃ ግን አይበቃኝም።

ምክንያቱም ያ 1968 ሌላም ታሪክ አለው። አገሪቱ ያኔ በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ሥር ነበረች። ጥቁሮችን ከአሮጌው ሰፈር ነቅሎ ካቱቱራ ለማስፈር የወጣውን ዕቅድ ሕዝቡ ሲቃወም፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1959 ፖሊስ ተኩሶ ቢያንስ 11 ሰው ገደለ። ካቱቱራ ብዙ ጊዜ “ሰው ሊኖርበት የማይፈልገው ቦታ” ተብሎ ይተረጎማል። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በዚህች አገር ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ከሰሱ፤ በ1966 ፍርድ ቤቱ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት እንዳላቸው አላረጋገጡም ብሎ ዘጋው። አሮጌው ሰፈር ጨርሶ የተዘጋው ማጣሪያው ሥራ በጀመረበት በዚያው ዓመት ነው። ያው መንግሥት ውሃን እንዲህ ረቅቆ ሲያቅድ፣ ሰውን በቀለም እየለየ ያሰፍር ነበር።

የኋለኞቹ ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ወደ ከርሰ ምድሩ ተመለሱ። ለዓመታት ሳያስገቡ ያወጡበትን የተሰነጣጠቀ ዓለት እንደ ባንክ ሊጠቀሙበት አሰቡ። ዝናብ በበዛበት ዓመት የግድብ ውሃ ተጣርቶ በጉድጓድ ወደ ታች ይገፋል፤ እዚያ ፀሐይ አታገኘውም። እኛ ዴቨሎፐሮች ባክአፕ የምንለው ነገር ነው፣ ባክአፕ ደግሞ የሚያዘው ሲስተሙ ሳይወድቅ ነው። በ2015 እና 2016 ድርቅ ግድቦቹ ሲሟጠጡ፣ ከተማዋን ካቆሟት አንዱ ይሄ የከርሰ ምድር ውሃ ነበር።

ያም ሆኖ ከ1990ው ነፃነት በኋላ በከተማዋ ዳር በተስፋፉት የቆርቆሮ ሰፈሮች ብዙ ሰው ዛሬም ውሃ የሚቀዳው ቅድመ ክፍያ ከሚጠይቅ የጋራ ቦኖ ነው። ዓለም ሊማርበት የሚመጣው ማጣሪያ ደግሞ ከእነዚህ ሰፈሮች ሩቅ አይደለም።

አዲስ አበባም ዛሬ ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች፤ የውሃ ፈረቃ ምን እንደሆነም እናውቃለን። ከዊንድሁክ ማጣሪያውንም፣ ሞልቶ ሳለ ማጠራቀሙንም እንማር። ግን ዕቅዱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ከሚለው ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይጠየቅ፦ ጀሪካን ተሸክሞ የሚሰለፈው የየትኛው ሰፈር ሰው ነው?