የፎንት ምርጫ በስክሪን ላይ የሚነበብ የአማርኛ ሰነድን ተነባቢነት እንዴት ይወስናል?

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወረዳዎች የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚላክለትን መመሪያ፣ ሰርኩላር ደብዳቤና የሪፖርት ቅጽ በወረቀት ብቻ ይቀበል የነበረበት ጊዜ አልፏል። ከደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰነድ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነበበው በእጅ ስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነው። ለንባብ ብቻ የተሠሩት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዎችም ረጃጅም አዋጆችንና ጥናቶችን ለሚያነቡ ባለሙያዎች አንድ አማራጭ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ሰነዱ የተጻፈበት የፊደል ቅርጽ፣ በተለምዶ ፎንት የሚባለው፣ በአንባቢው ስክሪን ላይ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ አስቀድሞ የሚያጣራ ጸሐፊ ብዙ አይደለም።

ጉዳዩ የውበት ጥያቄ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። በግዕዝ ፊደል አንድን ቃል ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። በ«ሰ» ራስ ላይ አግድም መስመር ሲጨመር «ሸ» ይሆናል። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ከ» እና «ኸ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩትም በዚሁ መንገድ ነው። በገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ «መሬቱን ሰጠ» እና «መሬቱን ሸጠ» የሚሉት ሐረጎች በቅርጽ የሚለያዩት በዚህች መስመር ብቻ ነው። በሕግ ፊት ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በ1987 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት ለሽያጭ እንደማይቀርብ ሲደነግግ፣ የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ በበኩሉ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን በስጦታ የሚያስተላልፍበትን ሥርዓት አስቀምጧል። አንዱ ቃል ሕጋዊ ተግባርን ሲገልጽ ሌላው የተከለከለውን ይገልጻል። «ከፈለ» እና «ከፈሉ»፣ «ወሰደ» እና «ወሰዱ» የመሳሰሉትም ግብር የከፈለው ወይም ንብረት የተረከበው አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰዎች የሚያመለክቱት ከፊደሉ ጎን በምትወጣ አጭር ጭረት ነው።

በስክሪን ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ጥራት በቅድሚያ የሚለካው በንጽጽር ነው። ንጽጽር ማለት በፊደሉ ብርሃንና ፊደሉ ባረፈበት መደብ ብርሃን መካከል ያለው ምጣኔ ሲሆን፣ ፍጹም ጥቁር በፍጹም ነጭ ላይ ሲያርፍ 21 ለ1 ይሆናል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም እ.ኤ.አ በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1፣ ለላቀ ደረጃ ደግሞ 7 ለ1 እንዲሆን ወስኗል። በዚህ ስሌት መሠረት ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 አካባቢ ስለሚሆን ለመደበኛ ጽሑፍ ከተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በታች ይወድቃል። ቢጫ በነጭ ላይማ ከሞላ ጎደል አይታይም።

እነዚህ አኃዞች ግን የቀለምን ምርጫ ብቻ የሚለኩ ናቸው። ጸሐፊው ጥቁር ቀለም ስለመረጠ ብቻ እያንዳንዱ የፊደል ክፍል በአንባቢው ዓይን ፊት ጥቁር ሆኖ አይወጣም። ስክሪን የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የፊደሉ መስመር ከአንድ ፒክስል የቀጠነ እንደሆነ መሣሪያው ፒክስሉን ሙሉ በሙሉ ማጥቆር ስለማይችል ግራጫ ይቀባዋል። በመጠን 10 የተጻፈ ፊደል በኢንች 96 ፒክስል ባለው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ወደ 13 ፒክስል የሚሆን ቁመት ይኖረዋል። የፎንቱ ቀጭን መስመር ከቁመቱ አንድ ሠላሳኛ ነው ቢባል ውፍረቱ ግማሽ ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ ንጽጽሩም ከ21 ለ1 ወደ 3.2 ለ1 ገደማ ይወርዳል። ጸሐፊው ጥቁር አድርጎ የላከው የ«ሸ» ራስ መስመር ለአንባቢው የሚደርሰው ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ነው ማለት ነው። የፊደሉ እግሮች ወፍራም በመሆናቸው ጥቁረታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ስለዚህ አንባቢው ፊደሉ የጎደለው መሆኑን አይጠራጠርም፣ «ሰ» ብሎ አንብቦ ያልፋል።

ይኸው ስሌት በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዎች ላይም ይሠራል። እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የአማዞን ኪንድል በኢንች 167 ፒክስልና አራት የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ነበሩት። በመጠን 10 የተጻፈው ቀጭን መስመር በዚያ መሣሪያ ላይ የፒክስሉን ሦስት አራተኛ ያህል ይሸፍናል። እ.ኤ.አ ከ2014 ወዲህ በወጡትና በኢንች 300 ፒክስል ባላቸው ሞዴሎች ላይ ግን መስመሩ ከአንድ ፒክስል በላይ ስለሚሆን ሙሉ ጥቁረቱን ያገኛል። በመሣሪያው የፒክስል ጥራት ላይ አንባቢው ብዙም ሥልጣን የለውም፤ በሰነዱ ፎንትና መጠን ላይ ግን ጸሐፊው ሥልጣን አለው።

የግዕዝ ፊደል ቋሚ መስመሩ ወፍራም፣ አግድም መስመሩ ቀጭን ሆኖ የተለመደው ከቁም ጸሐፊዎች ሙያ በመነሣት ነው። በሸዋ ገዳማትና አድባራት እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ጸሐፊው በመቃ ብዕር፣ ከጥላሸት በተዘጋጀ ቀለም በብራና ላይ ይጽፍ ነበር። የብዕሩ አፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ወደ ታች ሲሳብ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሳብ ይቀጥናል። ጸሐፊዎቹ ትልቁንና ደማቁን አጻጻፍ ጉልህ፣ ጥቃቅኑን ደግሞ ረቂቅ እያሉ ለይተው ያውቁታል። በብራና ላይ ቀጭኑም መስመር ቢሆን እንደ ወፍራሙ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ስለሆነ ዓይን አይስተውም። ችግሩ የመጣው ያው ቅርጽ በፒክስል እንዲሣል በተደረገ ጊዜ ነው።

ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲሸጋገር የሚደበዝዝ ጽሑፍ አዲስ ነገር አለመሆኑን የማይክሮፊልም ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ ሸዋን ጨምሮ በልዩ ልዩ ሥፍራዎች የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በፊልም ያነሣው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍትን መዝግቧል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ከተማ ተቀምጠው፣ በሸዋ ሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙዎቹን አጥንተው ዝርዝራቸውን አሳትመዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በብራናው ላይ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት የዋለው ቀይ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይታያል። ጸሐፊው ከሁሉ በላይ እንዲታይ ያቀላው ቃል ከሁሉ በላይ የደበዘዘ ይሆናል። ቀለም በማያሳይ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ላይ በቀይ የተጻፈ «አስቸኳይ» የሚል ማሳሰቢያ የሚደርስበትም ይኸው ነው።

ሌላው የንጽጽር ጠላት የፀሐይ ብርሃን ነው። የጓሳ ሣር ምድር ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ገላጣ አገር ሲሆን፣ በመንዝ ደጋ መሬት የሚለካም ሆነ ከአርሶ አደሩ ማሳ ላይ የሚውል የልማት ሠራተኛ ስልኩን የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ጥላ በሌለበት ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ስልክ ነጭ መደብ 400 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ያበራል እንበል። 50 ሺህ ሉክስ የሆነ የፀሐይ ብርሃን ቢያርፍበትና መስታወቱ 4 በመቶውን መልሶ ቢበትነው፣ በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ወደ 640 ካንዴላ ይደመራል። ነጩ 1 ሺህ 40፣ ጥቁሩ 640 ሲሆን ምጣኔው 1.6 ለ1 ብቻ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የፊደሉ ወፍራም እግር በጭንቅ ይለያል፤ ከቤት ውስጥም ግራጫ የነበረው ቀጭን መስመር ግን ፈጽሞ ይጠፋል።

የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያዎች አሠራር ከዚህ ይለያል። ኢ-ኢንክ በሚባለው ቴክኖሎጂ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ገጹ እየወጡ ፊደሉን ይሠራሉ፣ አንባቢውም የሚያየው እንደ ወረቀት ሁሉ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ነው። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ነጩም ጥቁሩም አብረው ስለሚደምቁ ምጣኔያቸው ብዙ አይዛባም። ነገር ግን ነጩ ከወረቀት ይልቅ ወደ ግራጫ ያደላል፤ የገጽ መብራት የሌላቸው ሞዴሎችም በደመናማ ቀን ጨለም ባለ ቢሮ ውስጥ ይቸግራሉ። በመሆኑም ቀጭን መስመር ያለው ፎንት በእነዚህም ላይ ቢሆን የተሻለ ምርጫ አይሆንም።

በአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የቆዩት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች በቀድሞ ስሪቶቻቸው የአማርኛን ቅርጽ ያስቀምጡ የነበረው ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ኮዶች ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ ፎንቱ ወደሌለበት ስልክ ወይም ማንበቢያ ሲሄድ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይከፈታል። እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ስሪት ለግዕዝ ፊደል 345 ኮዶችን በመመደቡ ፊደሉ በየትኛውም ፎንት ቢታይ ማንነቱን ይዞ እንዲጓዝ ተደርጓል። ይህ ከንጽጽር በፊት የሚመጣ ቅድመ ሁኔታ ነው።

በዩኒኮድ ከተሠሩት ፎንቶች መካከል ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ በ2007 ለተጠቃሚዎች የደረሰ ሲሆን፣ በዊንዶውስ 10 ላይ እንደ ተጨማሪ አማራጭ ተቀምጦ ኢብሪማ የተባለው ፎንት ዋናውን ቦታ ይዟል። አቢሲኒካ በእጅ የተጻፈ የብራና መልክ ያለው ነጻ ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ በጎግል አማካይነት የቀረበና በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚገኝ ነው። ኢብሪማና ኖቶ ሳንስ የመስመራቸው ውፍረት ተቀራራቢ በመሆኑ የፊደሉ ራስና ጎን በትንሽ መጠንም አይደበዝዝም። አቢሲኒካ ለታተመ መጽሐፍ፣ ለምስክር ወረቀትና ለትልቅ አርእስት የሚያምር ቢሆንም በትንሽ ስክሪን ላይ ለሚነበብ የመመሪያ ዝርዝር የሚመከር አይመስልም። ተቀባዩ መሣሪያ ላይ የተመረጠው ፎንት ከሌለ በሌላ ስለሚተካ ሠንጠረዥና ገጽ ሊዛባ እንደሚችልም መታወቅ አለበት። ኢፐብ በተባለው የመጽሐፍ ቅርጸት ፎንቱን ከሰነዱ ጋር አያይዞ መላክ ይቻላል፤ ማንበቢያው የግዕዝ ፊደል ከሌለው ከባዶ ሳጥን የሚያድነውም ይህ ነው።

ፊደልን ለማጉላት ሲባል ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያወፍረው ጽሑፍ ሁልጊዜ አይጠቅምም። የ«ቤ» እና የ«ሴ» ቀለበት ውስጡ በቀለም ሲሞላ «ቢ» እና «ሲ» ይመስላል፤ የአራት ነጥቡ ነጠብጣቦችም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አብሮ የተሠራ ወፍራም ቅርጽ ያለውን ፎንት መጠቀም፣ ካልሆነም መጠኑን ከፍ ማድረግ ይሻላል።

በሥራ ላይ ከፎንት ምርጫ እኩል ጉዳት የሚያደርሰው ግን የአላላክ ልማድ ነው። ለኤ4 ወረቀት በመጠን 12 የተዘጋጀ የፒዲኤፍ ሰነድ ገጹ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስልክ ላይ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ፊደሉ ወደ መጠን 4 ይወርዳል። ስድስት ኢንች በሆነ ማንበቢያ ላይ ደግሞ መጠን 5 አካባቢ ይሆናል። በዚህ መጠን በኢንች 300 ፒክስል ያለው ዘመናዊ መሣሪያ እንኳ ቀጭኑን መስመር አሟልቶ ማጥቆር አይችልም። ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በስልክ ካሜራ ተነሥቶ የሚላከው ደብዳቤ ከዚህም የባሰ ነው። ምስል በመሆኑ ፎንቱም ሆነ መጠኑ አይቀየርም፣ የወረቀቱ ጥላ መደቡን ያጠቁረዋል፣ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለምም ብዙ ጊዜ ከስምና ከቀን ላይ ያርፋል። የተፈረመው ምስል ለማስረጃነት አስፈላጊ በመሆኑ ሊቀር አይችልም። ይሁንና የደብዳቤው ጽሑፍ በዩኒኮድ ተጽፎ አብሮት ቢላክ ተቀባዩ እንደ ስክሪኑ አስፍቶ ሊያነበው ይችላል።

አንድ መሥሪያ ቤት ፎንት ከመወሰኑ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ሙከራ ወጪ የማይጠይቅ ነው። «ሰጠ፣ ሸጠ፣ ከፈለ፣ ከፈሉ፣ ቢሰጥ፣ ቤት» የሚሉትን ቃላት በታሰቡት ፎንቶች በመጠን 10 እና በመጠን 12 ጽፎ፣ በሠራተኞቹ እጅ ወዳሉት ስልኮች ልኮ፣ አንድ ጊዜ በቢሮ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ከደጅ በፀሐይ እንዲያነቡት ማድረግ ነው። ቃላቱን አስቀድሞ ያላያቸው ሰው እንዲያነባቸው ማድረጉ ተገቢ ይሆናል፤ የጻፋቸው ሰው የጎደለውን መስመር ሳያየውም ሞልቶ ያነበዋልና።