የስሜን ፓርክ ወሰንና የደጋው ገበሬ

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ መሬትን በሕግ ከልሎ የመያዝ አሠራር፣ ማለትም ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው፣ የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የላካቸውን ባለሙያዎች ምክር ከሰማ በኋላ የዱር አራዊት ጥበቃን የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ አዋሽ በ1961፣ ስሜን ደግሞ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጀው ሕጋዊ ወሰን አገኙ። ሌሎቹ ፓርኮች፣ ባሌን ጨምሮ፣ ለአሥርት ዓመታት ሳይታወጁ በስም ብቻ መቆየታቸው ሲታሰብ የስሜን ዕድል የተሻለ ይመስላል፤ ሆኖም የታወጀ ወሰን የተከበረ ወሰን አልሆነም።

ስሜን ለፓርክነት የተመረጠው በዋናነት ስለ ዋልያ ነው። ይህ በሰሜናዊው ገደል ላይ የሚኖር፣ ከስሜን በቀር በዓለም የትም የማይገኝ የዱር ፍየል፣ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በአካባቢው የጦር መሣሪያ በመበራከቱና ደኑ ለእርሻ በመመንጠሩ ቁጥሩ እየመነመነ ሄዶ፣ ፓርኩ ሊቋቋም አካባቢ ወደ 150 ገደማ ወርዶ እንደነበር ይገመታል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በዚያው ደጋ ይኖራሉ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር በመዝገቡ መካተቱ የሚያኮራ ነበር።

ነገር ግን ወሰኑ የተሰመረው ሰው በሌለበት ምድር ላይ አልነበረም። በውስጡ ገብስ የሚዘራ፣ በግና ከብት የሚያሰማራ፣ አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ማገዶ የሚለቅም ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖር ነበር፤ የፓርኩ ሕግ ግን ይህ ገበሬ ባለይዞታ ነው ወይስ ሰርጎ ገብ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ። የደርግ መንግሥት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከገደሉ ሥር ያሉ መንደሮችን በኃይል በማንሣት መልስ ለመስጠት ሞከረ፤ ይህ እርምጃ ያተረፈው ቂምን ነው። ቀጥሎ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተራሮቹን የጦር ሜዳ ሲያደርጋቸውና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ የጥበቃ ጣቢያዎቹ ባለቤት አጥተው የተዘረፉት የአካባቢው ሰው ፓርኩን የመንግሥት እንጂ የራሱ ሀብት አድርጎ ስላላየው ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

በ1989 ዓ.ም. የዋልያው መመናመን፣ የእርሻው መስፋፋትና ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው መንገድ ስሜንን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» በሚባለው መዝገብ አስገቡት። ከዚያ ለመውጣት የተደረገው ጥረት ሃያ ዓመት ፈጅቷል፤ ሰው የሰፈረባቸው አንዳንድ ቦታዎች ከወሰኑ ውጭ ተደርገው፣ በምትኩ የስልኪና የራስ ደጀን ከፍታዎች ተጨምረው፣ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ እምብርት የነበሩት የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለሣሩና ለአራዊቱ የጊጭ መልቀቅ እፎይታ እንደሆነ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ዋጋውን የከፈለው በእርሻና በከብት ይተዳደር የነበረና በከተማ አዲስ ኑሮ ለመጀመር የተገደደ ቤተሰብ በመሆኑ፣ የመዝገቡን ለውጥ ብቻ ቆጥሮ ስለ ስኬት መናገር ሚዛናዊ አይሆንም።

ከሁሉ የከበደው ችግር ግን አሁንም ልቅ ግጦሽ፣ ማለትም ከብት ያለ ገደብ በፓርኩ ውስጥ መሰማራቱ ነው። መፍትሔው ገበሬው ከጎብኚ ገቢ እንዲያገኝ ማድረግ ነው ተብሎ ብዙ ሲሠራ ቆይቷል፤ መንገድ መሪው፣ በቅሎ አከራዩና ወጥ ሠሪው በእርግጥም ኑሯቸውን በዚህ ላይ መሥርተው ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነትና እርሱን የተከተለው የአማራ ክልል ግጭት ጎብኚውን ካራቁት ወዲህ ግን ይህ ገቢ ስለነጠፈ፣ የደጋው ገበሬ ፊቱን የሚመልሰው ወደ ግጦሹና ወደ እርሻው ነው።