የዩካ አበባና ሁለቱ የእሳት እራቶች

እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ጀርመን ተወላጁ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ጆርጅ ኤንግልማን ዩካ የተባለው ተክል አበባ ነገር ግራ አጋባቸው። የአበባው ዱቄት ስለሚጣበቅ ነፋስ አይበትነውም፤ በራሱም ዘር ወደሚያቋጥረው ክፍል መድረስ አይችልም። ታዲያ ዩካ ዘር የሚያፈራው እንዴት ነው? አበባው ውስጥ የማይጠፉትን ትናንሽ ነጫጭ የእሳት እራቶች ጠረጠሩና ጉዳዩን ለግዛቷ የነፍሳት ባለሙያ ለቻርልስ ቫለንታይን ራይሊ ነገሯቸው።

ራይሊ ማታ ማታ አበባዎቹን ሲከታተሉ ያዩት ነገር እጅግ የሚደንቅ ነው። ክንፏ ሲዘረጋ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ የምትሆነው ሴቷ የእሳት እራት፣ አፏ አጠገብ ባሉ ሁለት ተጠቅላይ አካላት የአበባውን ዱቄት ትጠርግና አድቦልቡላ አገጯ ሥር ትይዘዋለች። ወደ ሌላ አበባ በርራ ዘር የሚያቋጥረውን ክፍል ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያም ወደ አበባው እንብርት ጫፍ ወጥታ፣ ከያዘችው ዱቄት ቆንጥራ እዚያ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ለራሷ የምትቀምሰው ነገር የለም። የምትለፋው ለልጆቿ ነው፤ እጮቿ ከሚያድገው ዘር ከፊሉን ይበላሉ፤ የተረፈው ለዩካ ዘር ይሆናል።

ወሬው ባሕር ተሻግሮ ቻርልስ ዳርዊን ዘንድ ሲደርስ፣ በ1874 ለወዳጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ስለ አበባ መራባት ከታተሙት ታሪኮች ሁሉ ይህን እጅግ አስደናቂው አሉት። ሁሉም ግን አላመነም። ዩካ ላይ የእሳት እራት ይዘው የመረመሩ ሌሎች ሰዎች፣ ራይሊ የገለጿቸውን ሁለት አካላት ፈልገው አጡ።

ራይሊ ለተቃውሞው ጆሯቸውን አልደፈኑም። ነፍሳቱን መልሰው መረመሩና በ1880 መልሱን አሳተሙ፤ ዩካ ላይ የሚኖሩት የእሳት እራቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጋር ብትመሳሰልም ዱቄት የምትይዝበት አካል የላትም፤ አበባውን አታገለግልም፤ እጮቿም የሚያድጉት በአበባው አገዳ ውስጥ ነው። ራይሊ ሐሰተኛዋ የዩካ እሳት እራት አሏት።

ተከራካሪዎቹ ሁሉ ያዩት እውነት ነበር፤ ያዩት ግን የተለያየ ፍጥረት ነው። ዛሬም ስሟን እምብዛም ሰው የማያውቃት ይህች ሁለተኛ የእሳት እራት ለሳይንስ የተገለጠችው፣ ጠያቂዎቹ በታላቅ ሰው ስም ሳይሸማቀቁ የታያቸውን ስለተናገሩ፣ ተጠያቂውም በቁጣ ፈንታ በምርመራ ስለመለሱ ነው። ዕውቀት እንዲህ ካሉ ጠያቂና ተጠያቂ መካከል ይወለዳል።