«ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል»፦ የለገዳዲ ውኃና ያልተካሄደው ክርክር

ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሰንዳፋን መንገድ የያዘ ተጓዥ ለገጣፎን እንዳለፈ የለገዳዲን አካባቢ ያገኛል። በ1960ዎቹ መባቻ የተገነባው የለገዳዲ ግድብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዋና ከተማዋን ሲያጠጣ ኖሯል። በሌላው ማዕዘን፣ በቡራዩ በኩል፣ ከእርሱ የሚቀድመው የገፈርሳ ግድብ አለ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከራሷ ወሰን ውጭ ነው፤ ቆሻሻዋም ከወሰኗ ውጭ ቦታ ሲፈለግለት ቆይቷል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነባራዊ ሁኔታ በሕገ መንግሥታችን ውስጥ እንዴት እንደተጻፈና የሕግ ሰዎቻችን ስለ እርሱ ምን ያህል በአደባባይ እንደተከራከሩ መመርመር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ክልል በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በመሳሰሉት፣ እንዲሁም አዲስ አበባ በክልሉ መሐል በመገኘቷ በሚነሱ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅለት ይደነግጋል። ከዚያም በአጭሩ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ብሎ ያበቃል። ሐሳቡ በዚያን ጊዜ የተወለደ አልነበረም፤ የሽግግሩ መንግሥት በ1984 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ውስጥም በልዩ ሕግ ሊዘረዘር የተቀመጠ ጉዳይ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ከዋለበት ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ያ «ዝርዝር» ግን ሕግ ሆኖ አልወጣም።

አንድ የሕግ መምህር በዚህች አጭር ድንጋጌ ላይ ተማሪዎቹን የአንድ መንፈቀ ዓመት ያህል ሊያከራክር ይችላል። «ጥቅም» ምን ማለት ነው? በእንግሊዝኛው ቅጂ የገባው «ኢንተረስት» የሚለው ቃል ከጥቅም ሰፋ ይላል፤ የሚመለከተኝ ነገር አለ የማለትን ትርጉም ጭምር ይዟል። አንቀጽ 106 ግን የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ታዲያ ጥቅም ከባለቤትነት የሚለየው በምንድን ነው? በዚያው አንቀጽ 49 የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው፣ የከተማው አስተዳደርም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ተጽፏል። ሁለቱ ንዑስ አንቀጾች እንዴት ይታረቃሉ? የለገዳዲ ገበሬ መሬቱ ለውኃ ማጠራቀሚያ ሲወሰድ ጥቅሙ የክልሉ ነው ወይስ የራሱ? እነዚህ ጥያቄዎች የኦሮሞም ሆነ የአማራ፣ የገዥም ሆነ የተቃዋሚ ንብረት አይደሉም። የሕግ ጥያቄዎች ናቸው።

ሕገ መንግሥትን በመማሪያ ክፍል የመመርመር ልማድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል ከክሪስቶፈር ክላፋም ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የሕገ መንግሥት እድገት የሚያሳዩ ሰነዶችን በመጽሐፍ አሰባስቦ ነበር። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 122 ራሱን የበላይ ሕግ አድርጎ ከእርሱ ጋር የሚቃረን ሁሉ ዋጋ እንደማይኖረው ደንግጓል፤ ይህን ያነበበ ተማሪ «ታዲያ ይህን የሚወስነው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?» ማለቱ አይቀርም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እንኳ ጥያቄው በወረቀት ላይ ሊቀርብ ይችል ነበር። በ1987ቱ ሥርዓት መልሱ ግልጽ ነው፤ ትርጉም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያግዘዋል። ፍርድ ቤቶች ከዚህ ሥልጣን ስለራቁ ጠበቃው ሕገ መንግሥቱን በችሎት የሚጠቅስበት አጋጣሚ ጠቧል፤ ጠበቃ የማይጠቅሰውን ሕግ ደግሞ ተማሪ ለፈተና ብቻ ይሸመድደዋል። (እኔ ዋናውን ጉዳት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የተከተለ ይመስለኛል።)

በባለሙያዎች መድረክ ያልተካሄደው ክርክር ወደ መንገድ ወጣ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተማሪዎችን ለተቃውሞ አነሣሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ፤ ብዙ ሕይወትም ጠፋ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ ተባለ። ዕቅዱ ቢሰረዝም ውኃው፣ ቆሻሻውና መሬቱ ያነሡት ጥያቄ ባለበት ቆየ።

በዚያው ዓመት በሰንዳፋ የተከፈተው አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ከወራት በኋላ ተዘጋ፤ የከተማዋ ቆሻሻም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። የዚያ አደጋ ምክንያት የሕግ ክፍተት ብቻ ነው ማለት ድፍረት ይሆናል፤ ክምሩ ለአሥርተ ዓመታት ሲከማች የኖረ ነው። ነገር ግን ከተማና ክልል ስለ ቆሻሻ የሚመክሩበት፣ ገበሬውም አቤት የሚልበት፣ በሕግ የተቋቋመ የጋራ አካል ቢኖር ኖሮ የሰንዳፋ ነገር እንዲያ ተጀምሮ እንዲያ ባልተቋረጠ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የልዩ ጥቅሙን ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መራ። ረቂቁ ስለ ሥራ ቋንቋ፣ ስለ ከተማዋ ስያሜ፣ ስለሚፈናቀሉ ገበሬዎች ካሣና ስለ ውኃ የሚናገር ነበር። ሳይጸድቅም ቀረ። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በየካቲት 2011 ዓ.ም.፣ በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎች ሜዳ ላይ ወደቁ። ያኔም ሁሉም የየወገኑን ቁስል ቆጠረ እንጂ የይዞታና የመኖሪያ መብት በሕገ መንግሥቱ ምን ቦታ እንዳለው የጠየቀው ጥቂት ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል አንድ ጊዜ አይተናል። በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ምርጫው ሲራዘም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት ትርጉም መራው። አጣሪ ጉባኤውም በሰብሳቢዋ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት በግንቦት ወር የሕገ መንግሥት ምሁራንን በቴሌቪዥን ፊት ጠርቶ አከራከረ። አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 በየቤቱ ተነበቡ። የተጋበዙት ሐሳብ ወደ አንድ ወገን ያደላል የሚል ትችት ተሰምቷል፤ ትችቱም መሠረት አልባ አልነበረም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ውሳኔው ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን ምርጫው እንዲራዘም ወሰነ። በውጤቱ የሚስማማም የማይስማማም ሰው አለ። እኔን የገረመኝ ግን ሕዝቡ የሕግ ክርክር ሊሰለቸው ሲችል አለመሰልቸቱ ነው።

ያ መድረክ ለአዲስ አበባ ጉዳይ አልተዘረጋም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በወሰን ላይ ስምምነት ሲያደርጉ፣ በ2015 ዓ.ም.ም ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሌሎች የዙሪያዋ ከተሞች «ሸገር ከተማ» በሚል ስም ሲጠቃለሉ፣ እንደ 2012ቱ ያለ በአደባባይ የተላለፈ የባለሙያዎች ሙግት አልቀደመም። አንቀጽ 48 ስለ አከላለል ለውጥ ሲናገር በክልሎች ስምምነት ይፈጸማል ይላል፤ ስምምነት ካልተገኘ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል። የፌዴሬሽኑን አባላት የሚዘረዝረው አንቀጽ 47 ግን አዲስ አበባን በክልልነት አይጠቅሳትም። ክልል ያልሆነች ከተማ በአንቀጽ 48 ልትዋዋል ትችላለች? የማትችል ከሆነስ ወሰኗን የሚወስነው ማን ነው? በሕግ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶችና ጥብቅና ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህች ጥያቄ ብትጀምሩ ምን ይመስላችኋል?