ወህኒ አምባና ጣና፤ በጎንደር ነገሥታት ቤት የወንድማማች መለያየትና መገናኘት

በሕዝብ ልማድ ወንድም ከወንድሙ፣ ልጅ ከአባቱ ሲጣላ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይቀርባል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ዋስ ይጠራል፤ እርቁም በሰው ፊት ይጸናል። በነገሥታት ቤት ግን የወንድማማች ጠብ ገና ሳይነሣ ይፈራ ስለ ነበር፣ መድኃኒቱ እርቅ መሆኑ ቀርቶ መለያየት ሆነ። ይኸውም ዘውድ ሊወርሱ የሚችሉትን የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ከአምባ ላይ አውጥቶ ማስጠበቅ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥንታዊ ስፍራ በአምባሰል የሚገኘው ግሼን ነበር። በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የአባታቸው የዐፄ ዳዊት ዘመን ካለፈ ከሃያ ዓመት በኋላ ከዚህ አምባ ወርደው ዘውድ እንደ ጫኑ ይነገራል። ግሼን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ከተያዘ ወዲህ ልማዱ ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ቆየ።

ልማዱን የመለሱት ዐፄ ፋሲል ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በ1624 ዓ.ም. አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በሕይወት ሳሉ ዘውዱን ለቀውላቸው የነገሡ ናቸው። በ1658 ዓ.ም. ገደማ ግን ልጃቸው ዳዊት ስለ ሸፈተባቸው ይዘው ወህኒ አምባ ላይ አሰሩት። ወህኒ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በበለሳ በኩል ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ቀጥ ያለ ዐለት ነው። ዛሬ እስር ቤት ሁሉ «ወህኒ ቤት» መባሉ ከዚህ አምባ ስም እንደ መጣ ይነገራል።

ዐፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም. ሞተው ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ነገሡ። እርሳቸውም በሐምሌ ወር 1674 ዓ.ም. ሲሞቱ ዘውዱ ለልጃቸው ለአድያም ሰገድ ኢያሱ ደረሰ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ አዲሱ ንጉሥ በነገሡ ጊዜ ወደ ወህኒ ሄደው ከአምባው ሥር ቆሙ፤ እስረኞቹም ወደ እርሳቸው እንዲወርዱ አዘዙ። ለቀለባቸው የተመደበው ገቢ በሹማምንት እጅ ስለ ቀረ፣ የንጉሥ ዘር የሆኑት ሁሉ በቡቱቶ ተሸፍነው ታዩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አምባው ላይ ያረጁ አጎቶች፣ ሌሎቹም ንጉሡ በመልክ የማያውቋቸው ዘመዶች ነበሩ። ዐፄ ኢያሱ አቅፈው ሳሟቸው፤ አለበሷቸው፤ ቀለባቸውን አስተካከሉላቸው፤ ከአምባው ግርጌም እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው።

ይህ ሥራ የደግነት ሥራ ነበር። ነገር ግን የተለወጠው የንጉሡ ልብ እንጂ የአምባው ሕግ አልነበረም። በሽማግሌ ፊት የሚደረግ እርቅ ዋስ አለው፤ የወህኒው እርቅ ግን ከአንድ ሰው በጎ ፈቃድ በቀር ዋስ አልነበረውም። የንጉሥ ዘር የሆነ ሰው ለንጉሥ አስጊ ነው የሚለው አሳብም እንዳለ ቀረ።

ፍርሃቱም በመጨረሻ ከአምባው ሳይሆን ከራሳቸው ቤት ደረሰባቸው። ዐፄ ኢያሱ የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ በሞተች ጊዜ እጅግ አዝነው ወደ ጣና ደሴት ገለል አሉ። በዚህ ጊዜ ከመለኮታዊት የወለዱት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በእናቱና በመኳንንቱ ምክር በመጋቢት 1698 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ነገሠ። አባትና ልጅ ሁለቱም ንጉሥ ተብለው፣ አንዱ በከተማ ሌላው በደሴት ተለያይተው ሰባት ወር ያህል ቆዩ። በመካከላቸውም የሚያስታርቅ ሽማግሌ አልተሳካም። በጥቅምት 1699 ዓ.ም. ታመው የነበሩት ንጉሥ በዚያው በሐይቁ ላይ ተገደሉ፤ ገዳዮቹም የመለኮታዊት ወንድሞች እንደ ነበሩ ብሩስ ጽፏል። አስከሬናቸው በምጥራሃ ደሴት ተቀበረ።

ተክለ ሃይማኖትም ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1700 ዓ.ም. ለአደን እንደ ወጣ ተገደለ። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ወህኒ ነበር። የዐፄ ኢያሱን ወንድም ቴዎፍሎስን ከአምባው አውርደው አነገሧቸው። እርሳቸውም የወንድማቸውን ደም ተበቀሉ፤ መለኮታዊትንና ወንድሞቿን በሞት ቀጡ፤ የዐፄ ኢያሱንም ስም በክብር እንዲጠራ አደረጉ። አምባው ከወንድማቸው ዙፋን የለያቸው ሰው፣ ለዚያው ወንድም ደም መላሽ ሆኑ።

ሆኖም አምባው በዚህም አልተዘጋም። በ1713 ዓ.ም. የነገሡት የዐፄ ኢያሱ ልጅ ዐፄ በካፋ የወህኒ እስረኛ የነበሩ ናቸው። ወንድሞቹን ከአምባ ሥር ያቀፈ ንጉሥ ልጁን ከአምባው ሊያድን አልቻለም።

ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚደርስ ሰው በዚያ ገዳም የነገሥታት አፅም ይመለከታል። እንደ ገዳሙ ትውፊት ዐፄ ዳዊትና ከግሼን የወረዱት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአንድ ቤት ያርፋሉ፤ ልጃቸውን ወደ ወህኒ የሰደዱት ዐፄ ፋሲልም በዚያው አሉ። አምባው በሕይወት ሳሉ የለያያቸውን ሐይቁ ከሞት በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰባቸው።