ከገጹ በስተጀርባ ያለው ሰዓት

የሰው ልጅ በእጁ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ሁለት ታሪክ አለው፤ አንዱ የሠሪው፥ ሁለተኛው የጠጋኙ ነው። ስለ ሠሪው ብዙ ይጻፋል፤ ጠጋኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። በአሮጌ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ የሚገኘው ሰዓት ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በመኪና ላይ ይገጠም የነበረው ሰዓት በእጅ የሚሞላ ነበር፤ ብዙው አንድ ጊዜ ከተሞላ ስምንት ቀን ይሠራል። ባትሪ በመኪና ላይ ከተለመደ በኋላ ግን የመሙላቱ ተግባር ለኤሌክትሪክ ተሰጠ። አሠራሩ ረቂቅ ነው፦ ትንሽ ሞላ ሰዓቱን ለጥቂት ደቂቃ ያንቀሳቅሳል፤ ሞላው ሲላላ ሁለት የብረት መገናኛዎች ይነካካሉ፤ ኤሌክትሮማግኔቱም ጠቅ ብሎ ሞላውን ይወጥርና መገናኛዎቹን ያላቅቃል። የመኪና ሰዓት ዝናም ቀላል አልነበረም። በ1958 እ.አ.አ. ዴቪድ ኦግልቪ ለሮልስ ሮይስ ባዘጋጀው ማስታወቂያ፥ መኪናው በሰዓት 60 ማይል ሲጓዝ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ድምፅ መሆኑን አስነብቧል።

ይሁንና ሞላውን የሚወጥረው ኤሌክትሪክ የሰዓቱ ጠላትም ነው። መገናኛዎቹ በተላቀቁ ቁጥር የምትፈነጥቀው ብልጭታ ብረቱን ቀስ በቀስ ትበላዋለች። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ኤሌክትሮማግኔቱ ሞላውን ለመወጠር አቅም ያጣል፤ መገናኛዎቹ እንደተጣበቁ ይቀሩና ጥቅሉ ሽቦ ግሎ ይቃጠላል። ስለሆነም አንዳንድ ሠሪዎች በትንሽ ሙቀት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ብየዳ አኑረዋል። ሞተ የተባለ ሰዓት ሁሉ ግን አልሞተም፤ ብዙ ጊዜ ያቆመው የደረቀ ዘይት ነው። አሮጌውን ዘይት ያጠበ፥ መገናኛውን ያጸዳ፥ ለሰዓት የተዘጋጀ ዘይት በጠብታ የሰጠ ባለሙያ ያስነሣዋል።

ከ1970ዎቹ እ.አ.አ. ወዲህ የኳርትዝ ሰዓት በመኪና ውስጥ ተስፋፋ። ዛሬ ብዙ ባለ መኪናዎች የጥንቱን ገጽ ትተው በስተጀርባው ኳርትዝ ያስገባሉ። ሰዓቱ ጊዜውን በትክክል ይቆጥራል፤ ነገር ግን ገጹ ጭምብል ሆኗል። ኳርትዝ ያስገባ ሁሉ አጥፊ ነው ማለት አይደለም፤ የወጣውን ዕቃ በክብር ያስቀመጠ ለነገው ጠጋኝ በር ክፍት ትቷል። የጣለው ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚያውቀውን እጅ ጭምር ሥራ አስፈትቷል።

ቅርስ መልኩ ብቻ ሳይሆን ሥራውም ነው። የጥገና ዕውቀት ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ካልተላለፈ፥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጸጥ ይላል፤ የሚቀረውም በመስታወት ሥር የታሰረ ገጽ ብቻ ነው።