ከነጋድራስ እስከ ማዘጋጃ ቤት፤ የየጁቤ ገበያና የከተማው ሰው ቃል

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ወደ አባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አገር፣ የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ የሆነች የጁቤ የምትባል ከተማ አለች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ አያያትም፤ ዋናው ጎዳና በሌላ በኩል ያልፋልና። ነገር ግን ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ስለ ጎጃም ንግድ የጻፉ መንገደኞች የባሶን ገበያ በስሙ እየጠሩ ከታላላቆቹ ገበያዎች ተራ ያስገቡት ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የገበያው ዝና ብቻ አይደለም። የአንድን ከተማ ታሪክ ስናጠና ማን እንደ ገዛው፣ ማን ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠራ፣ የትኛው ጦር እንዳለፈበት በትጋት እንጽፋለን። በገበያው ተቀምጦ ቀረጥ የሚከፍለው፣ በሰፈሩም ውሃና መንገድ የሚቸግረው ሰው ጉዳዩን ለማን ያቀርብ እንደ ነበር ግን እምብዛም አንጠይቅም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው በገንዘቡ ላይ ቃል ነበረውን? የጁቤን መነሻ አድርጌ፣ በየዘመኑ ስለ ከተሞች የወጡትንም ሕጎች እያነጻጸርሁ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ እሞክራለሁ።

፩. የባሶ ገበያ

ገበያውን ያሳደገው የቦታው አቀማመጥ ነው። ከአባይ ማዶ ጉዱሩ አለ፤ በጉዱሩም የአሰንዳቦ ገበያ ነበር። ከዚያ ወዲያ የነጋዴው መንገድ እስከ ሊሙ እናርያ፣ እስከ ጅማና እስከ ከፋ ይዘልቃል። ከደቡብ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይወርዳል። መገበያያው የማርያ ቴሬዛ ብርና ራሱ አሞሌው ነበር። ክረምት ገብቶ አባይ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል ነጋዴው እንደ ገና ይሻገራል። ስለዚህ ባሶ የሁለት አገር በር ነበረ ማለት ይቻላል።

ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በሸዋና በጎጃም የቈየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለ ደቡብ አገሮች ብዙውን ነገር የተረዳው ከባሶ ነጋዴዎች አፍ ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊም በ1835 ዓ.ም. ከጎጃም ተነሥቶ ወደ እናርያ ሄዷል። በአገራችን አባ ማስያስ እየተባሉ የሚጠሩት ጣሊያናዊ ጳጳስ በ1845 ዓ.ም. አባይን ተሻግረው ጉዱሩ የገቡት ነጋዴ መስለው ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዘመነ መሳፍንት፣ አገር ከአገር በተቈራረጠበት ጊዜ፣ በየኬላው ማለፍ የሚችል ሰው ነጋዴ እንደ ነበር ያስረዳል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በባሶ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከአባይ ማዶ የተያዙ ሴቶችና ሕፃናት ከቡናውና ከዝባዱ ጋር እየተነዱ ይቀርቡ ነበር፤ ባለ ሥልጣኑም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ቀረጥ ይቀበልባቸው ነበር። የባሶን ብልጽግና ብቻ አወድሶ ይህን መሸፈን ታሪክ መጻፍ አይደለም። በገበያው ቃል የነበረው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ራሱ የተሸጠው ሰው ምንም ቃል እንዳልነበረው አስቀድመን መመስከር አለብን።

በገበያ ላይ ሥልጣን የነበረው ነጋድራስ ነው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን ሥራው ድርብ ነበር። በአንድ በኩል ቀረጥ ሰብስቦ ለአገር ገዢው ያስገባል፤ በሌላ በኩል የነጋዴዎችን ክርክር ይዳኛል። የሚሾመው ከላይ ነው፤ የሚተዳደረው ግን በነጋዴው ነው። ቀረጥ ያለ ልክ ቢያበዛ ነጋዴው በሸንጎ ቆሞ አይከራከረውም፤ አጋሰሱን ጭኖ በሌላ ኬላ ይሄዳል እንጂ። የሲራራ ነጋዴ ቃሉ እግሩ ነበር። እግሩን አንሥቶ መሄድ የማይችለው የከተማው ነዋሪ፣ ይኸውም ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ እህሏን በእንቅብ ይዛ የምትመጣው ባላገር፣ ይህ ዕድል አልነበራቸውም። የሚቀራቸው እጅ ነሥቶ አቤት ማለት ብቻ ነበር።

፪. መንገዱ ሲለወጥ

በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእምባቦ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ሆነው ተማረኩ። የጦርነቱ ምክንያት ከአባይ በስተ ደቡብ ያለውን ሀብታም አገር ማን ይያዘው የሚል ስለ ነበር፣ ውጤቱ በሜዳው ላይ ብቻ አልቀረም። የቡናውና የዝሆን ጥርሱ ንግድ እያደር ፊቱን ወደ ሸዋ መለሰ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ጨርሶ ተፈጸመ። ከአባይ ማዶ ያለው ነጋዴ ገደሉን ወርዶ ወደ ጎጃም የሚወጣበት ምክንያት አነሰ።

ስለዚህ ባሶን ያዳከመው የገበያተኛው ስንፍና ወይም የመሬቱ መምከን አይደለም፤ ሌሎች በሌላ ቦታ የወሰኑት ነገር ነው። የገበያው ሰው ስለ እምባቦ አልተጠየቀም፤ ስለ ምድር ባቡሩም አልተጠየቀም። እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን በገዙት በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ዘመንም ሕዝቡ ስለ ግብር ብዛት ያጉረመርም እንደ ነበር የታወቀ ነው። ገበያው ሲቀንስ ቀረጡ አብሮ አልቀነሰም።

፫. ማዘጋጃ ቤት የሚባለው አዲስ ነገር

ከጠላት ወረራ በኋላ የከተማ አስተዳደር በሕግ ተቋቋመ። በመጀመሪያ በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ወጣ፤ ቀጥሎ በ1937 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቶችን የሚመለከተው ዐዋጅ ቍጥር 74 ታወጀ። በዚህ ዐዋጅ ትላልቆቹ ከተሞች በከንቲባ፣ ትንንሾቹ ደግሞ በከተማ ሹም እንዲተዳደሩ ተደረገ። መንገድ መጥረግ፣ ውሃ ማምጣት፣ ገበያና ቄራ መጠበቅ፣ ልደትና ሞት መመዝገብ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ሆነ።

ለጥያቄያችን ዋናው ነገር ዐዋጁ ምክር ቤትም ማቋቋሙ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጋር ከነዋሪዎች የተመረጡ ሰባት ሰዎች አብረው እንዲቀመጡ ታዘዘ። ይህ ከነጋድራስ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ታላቅ እርምጃ ነው፤ የከተማ ነዋሪ በገዛ ከተማው ገንዘብ ላይ የሚናገርበት ወንበር በሕግ ተሰጥቶታልና። ነገር ግን ሰባቱ ሰዎች በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው እንዲሆኑ ያስፈልግ ነበር። ተከራዩ፣ ገበያ ላይ በመደብ የምትሸጠው ሴት፣ ለረጅም ዘመን በርስት መብት ያልተካፈሉት ሸማኔዎችና ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ቤትና ቦታ እስካላፈሩ ድረስ፣ ከወንበሩ ውጭ ቀሩ። የአንድ ትንሽ የገበያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ግን ዋና ገቢው ከገበያና ከቄራ የሚገኝ ነበር። ይህም ማለት ሣጥኑን የሚሞሉት ብዙዎች ሲሆኑ በሣጥኑ ላይ የሚመክሩት ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያም በላይ በጀቱ የሚጸድቀው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ስለ ነበር ጥቂቶቹም ቢሆኑ የመጨረሻ ቃል አልነበራቸውም።

ስሙን ራሱን መመርመር ይጠቅማል። ማዘጋጃ ቤት የሚዘጋጅበት ቤት ነው፤ ምክር ቤት ግን የሚመከርበት ቤት ነው። በብዙ ከተሞቻችን ሕዝቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ስም እንጂ ሁለተኛውን አይደለም። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም።

መንግሥትም ይህን ጉድለት ሳያውቀው አልቀረም። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደርን የሚያቋቁም ትእዛዝ ቍጥር 43 ወጥቶ ነበር። ነገር ግን አውራጃዎቹ ገንዘብ የሚያገኙበትን ዐዋጅ ፓርላማው ሳያጸድቀው ስለ ቀረ አሳቡ በወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ገንዘብ የሌለው ምክር ቤት ምክሩ ከደጃፉ አያልፍም።

፬. ቃል በጠፋበት ጊዜ

የጎጃም ሕዝብ ስለ ግብር የሚያቀርበው አቤቱታ በከተማ በር ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚከተል በ1960 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቍጥር 255 ሲታወጅ፣ ባላገሩ መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴም ሊጠፋ ነው ብሎ ሠጋ። በቢቸናና በሞጣ፣ በሌሎችም አውራጃዎች ሕዝቡ ዐመፀ። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ነበሩ። መንግሥት መጀመሪያ መልእክተኞች፣ በኋላም ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን እንደራሴው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ።

ይህ ዐመፅ የገጠር ነው፤ ከከተማ ምክር ቤት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገናኘው እንዲህ ነው። ግብር የሚከፈለው፣ ፍርድ የሚሰማው፣ ማመልከቻ የሚገባው በከተማ ነበር። ባላገሩ መንግሥትን የሚያየው በገበያ ቀን በከተማው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሞ ነው። ከተማው የባላገሩን ገንዘብ መቀበያ ብቻ ሆኖ የባላገሩን ነገር መስሚያ ሳይሆን ሲቀር፣ ደጅ የጠናው ሰው ተመልሶ ጠመንጃውን ያነሣል። የጎጃም ገበሬ ያስመለሰውን ነገር ያስመለሰው በማመልከቻ አልነበረም። ይህ ለገበሬው ኩራት ሊሆን ይችላል፤ ለአስተዳደራችን ግን ውርደት ነው።

፭. ቀበሌና ከዚያ ወዲህ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቍጥር 47 ወጣ። የ1937ቱን ሕግ የንብረት አጥር ያፈረሰው ይህ ዐዋጅ ነው። የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ እስከ መቶ ብር የሚደርሰውንም ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌ ሆነ። ተከራዩ፣ ሸማኔው፣ ጠላ ሻጯ በስብሰባ ተቀምጠው መራጭና ተመራጭ ሆኑ። ጥቃቅን ክርክርም በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ መታየት ጀመረ። የገበያው ተራ ሰው በሕግ ወንበር ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን ወንበሩ ብዙ አልቈየለትም። ቀበሌዎች በ1969 ዓ.ም. ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ማዘዣ ሲሆኑ፣ በብዙ ከተሞች የሕዝቡ ቤት የሕዝቡ እስር ቤት ሆነ። ስለ ውሃ ለመነጋገር የተጠራ ስብሰባ ሰው ለማጋለጥ ሲውል፣ ዝም ማለት ብልኅነት ተባለ። ያ የዝምታ ልማድ ሥርዐቱ ካለፈ በኋላም ከስብሰባዎቻችን ፈጥኖ አልወጣም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዟል። ቃሉ የጠራ ነው። እኛ ልንመረምረው የሚገባው ቃሉ በገበያው መካከል ምን ያህል ይሰማል የሚለውን ነው።

በዚህ ኹሉ ዘመን የከተማው ሰው እርስ በርሱ መመካከሩን ከቶ አላቋረጠም። ሬሳ የሚያነሣው በእድር ነው፤ ገንዘብ የሚያጠራቅመው በዕቁብ ነው፤ እርሻውን የሚያርሰው በወንፈልና በደቦ ነው፤ ጠቡን የሚያበርደው በሽማግሌ ነው። በእድር ገንዘቡ በአባላቱ ፊት ይቈጠራል፤ ዳኛው ያጠፋ እንደ ሆነ ይሻራል። እንግዲህ ሕዝባችን ስለ ጋራ ገንዘብ መምከር አያውቅም የሚለው አነጋገር ፍጹም ሐሰት ነው። የሚያውቀውን ነገር በማዘጋጃ ቤት በር ሲደርስ አውልቆ እንዲገባ ተደርጓል እንጂ።

፮. መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የሲራራው ነጋዴ በእግሩ ተናገረ፤ ባለ ንብረቱ በሰባቱ ወንበር ተናገረ፤ ገበሬው በጠመንጃ ተናገረ፤ የቀበሌው ሰው ለጥቂት ጊዜ በአፉ ተናግሮ ዝም አለ። ገንዘቡን የሚሰጠውና በገንዘቡ የሚመክረው አንድ ሰው የሆነበት ዘመን በጣም አጭር ነው። የኔ እምነት የሚከተለው ነው። አንድ የገበያ ከተማ ምክር ቤት አለው የሚባለው አዳራሽ ስላለው አይደለም፤ ከገበያው የተሰበሰበው ገንዘብ በገበያ ቀን፣ በከፋዮቹ ፊት፣ እንደ እድር ገንዘብ ሲቈጠር ነው።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች አንድ አሳብ አቅርቤ እጨርሳለሁ። የነገሥታቱን ታሪክ ዜና መዋዕል ጠብቆልናል። የከተማ ሰዎችን ታሪክ የያዘው ግን የማዘጋጃ ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የገበያ ቀረጥ መዝገብና በየዶሴው የታሰረው ማመልከቻ ነው። ይህን ወረቀት ምስጥና ዝናብ ከመጨረሳቸው በፊት እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እየጠየቅን ብንገለብጠው፣ ሽማግሌዎችንም ብንጠይቅ፣ የየጁቤን ብቻ ሳይሆን የቢቸናን፣ የሞጣንና የሌሎቹንም ከተሞች ታሪክ ከታች ወደ ላይ ለመጻፍ እንችላለን። በማመልከቻው ግርጌ አውራ ጣቱን ያተመ ሰው ያን ጊዜ መልስ ባያገኝ እንኳ፣ ዛሬ አንባቢ ሊያገኝ ይገባዋል።